ድምፅ የምትቀዳው ከተማ

አንዱ ከተማ በድልድዩ ይታወቃል፣ ሌላው በአደባባዩ፣ ሌላው በአቧራው። ታሪኳን በታላቅ አክብሮት የምናወጋት ይህች ከተማ ግን የምትታወቀው በውሃ ፓምፗ ጩኸት ነበር።

ፓምፑ ከከተማው ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገፋል። በልጅነቱ እንደማንኛውም ፓምፕ አንገቱን ደፍቶ ይሠራ ነበር አሉ። ዕድሜው ሲገፋ ግን ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች ተበሉ፣ ብሎኖቹ ላሉ፣ የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ እንደተጣሉ ባልና ሚስት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያይ ጀመር። ያኔ “ግርርር—ጓ! ግርርር—ጓ!” የሚል ድምፅ አወጣ። ሌላ ከተማ ቢሆን ይህን ብልሽት ይለው ነበር። የከተማው ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ ግን አርቀው የሚያዩ ሰው ስለነበሩ “ተደራሽነት” አሉት።

ሥራ አስኪያጁ “በመሠረቱ” ሳይሉ አፋቸውን ስለማይከፍቱ፣ ሠራተኞቻቸው በሌሉበት “አቶ በመሠረቱ” ይሏቸዋል። እኛም የምናወራው በሌሉበት ነውና በዚሁ እንጥራቸው።

“በመሠረቱ፣” አሉ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ፣ “የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚለካው በሚሰማው ነው። መሬት አስተዳደር ይሠራል ይባላል፤ ማን ሰማው? ማዘጋጃ ቤቱ ይሠራል ይባላል፤ ማን ሰማው? የእኛን ሥራ ግን ጆሮው የማይሰማ እንኳ በእግሩ ይሰማዋል!”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ወይም ፓምፑ ነበር ያናጋው፣ መለየት አልተቻለም።

ሕዝቡም ከጩኸቱ ጋር ተዋድዶ ይኖር ነበር። ሕፃናት ያለ እሱ አይተኙም። ለፓምፑ ቤት ቅርብ የሆነው ትምህርት ቤት መምህር በ“ግርርር” እና በ“ጓ” መካከል ባለችው ክፍተት ማስተማርን ስለለመደ፣ ተማሪዎቹ አጭር መልስ በመስጠት ወደር አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ ቀን ከፓምፑ ላይ አንድ ብሎን ተፈናጥሮ የኦፕሬተሩን ቆብ አወለቀና ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ኦፕሬተሩ ቆቡን ሳያነሳ ወደ ቢሮ በረረ።

“ጌታዬ፣ ፓምፑ ተኮሰብኝ!”

“መታህ?”

“ሳተኝ።”

“ሳተህ? ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?”

ይሁን እንጂ የውሃ አገልግሎቱ ሠራተኛ ወዳድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ቆርቆሮው ሁለተኛ ጊዜ ሲበሳ ለዋናው ወርክሾፕ ጥያቄ ቀረበ። ወርክሾፑም የመስክ ጥገና ባለሙያ ላከ። ባለሙያዋ ከመኪናዋ እንደወረደች የመሣሪያ ሳጥኗን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ሄደች። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቷ ነበር፤ የእንኳን ደህና መጣሽ ንግግር ተዘጋጅቶላት ነበርና። ንግግሩን ከኋላዋ እየተከተሉ አነበቡላት።

የካቻቢቴዋን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። አቶ በመሠረቱ አንገታቸውን አስግገው “ምን አለሽ?” አሏት።

“ልሞት ነው አለኝ።”

ከዚያ ፓምፑን አስቁማ ኩሽኔታዎቹን ቀየረች፣ ዘንጎቹን አንድ መስመር ላይ አስታረቀች፣ ግራሶ ሞላች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። ማብሪያውን ስትጫን ፓምፑ እንደ ፍሪጅ “እምም” አለና ዝም አለ። አቶ በመሠረቱ ጥቂት ጠበቁ።

“መቼ ነው የሚነሳው?”

“ተነስቷል።”

“ወዴት?”

“የትም አልሄደም፤ እየሠራ ነው። ግፊቱን ይዩት፣ ከበፊቱ ይበልጣል።”

“በመሠረቱ እኔ የምሰማው ነገር የለም።”

“ጤነኛ ስለሆነ ነው።”

“እህቴ፣” አሉ አቶ በመሠረቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የሚሠራ ነገር ድምፅ አለው።”

“ልብዎ ይሠራል?”

“ይሠራል እንጂ!”

“ይሰማዎታል?”

አቶ በመሠረቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። ከፓምፑ ቤት የወጡት ግድግዳ ይዘው ነው።

ቢሯቸው ሲገቡ ስልኩ ይጮህ ነበር። የደወለው ዳቦ ጋጋሪው ነው።

“ውሃ ለምን አጠፋችሁ?”

በስልኩ ውስጥ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማል። “ቧንቧዎ አይወርድም?” አሉት።

“ይወርዳል!”

“ታዲያስ?”

“ታዲያስ ይሉኛል እንዴ? ፓምፑ ሳይሠራ የሚወርድ ውሃ የማን ነው? ከየት መጣ? በዚህ ውሃ አቡክቼ ነገ ሰው ቢታመም ማን ሊጠየቅ ነው?”

ጥያቄው ከባድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ ይህንኑ ይጠይቅ ጀመር። ምንጩ ያልታወቀው ውሃ ሳያልቅ ለመቅዳት ሁሉም ተጣደፈ፤ ባልዲ ሞላ፣ ጄሪካን ሞላ፣ ገንዳ ሞላ፣ የዝናብ ቦት ጫማውን የሞላም ነበር። ጎዳናው ጭቃ ሆነ። በዚህ መሐል ከንቲባው ደወሉ።

“ምነው ወዲያ ዝም አላችሁ? ሥራ አቆማችሁ እንዴ?”

“ኧረ ክቡር ከንቲባ፣ በመሠረቱ ውሃው ከበፊቱ በበለጠ…”

“ስለ ውሃ አልጠየቅኩህም። ሕዝቡ ፀጥታው አስደንግጦታል። ግምገማ እየመጣ መሆኑን አትርሳ።”

ግምገማ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የተገመገመ ብቻ ነው። አቶ በመሠረቱ ወዲያው የድምፅ አስመላሽ ኮሚቴ አቋቋሙ። ባለሙያዋም የርክክብ ወረቀቷ ላይ ፊርማ ፈልጋ ስትገባ በአባልነት ተያዘች።

“ይፈርሙልኝና ልሂድ፤” አለች እንደቆመች። “ሌላ ከተማ የሚያፈስ ፓምፕ ይጠብቀኛል።”

“ድምፁን ሳትመልሺ?”

“ወስጄዋለሁ እንዴ?”

“በመሠረቱ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነበረ፤ አንቺ ስትመጪ ጠፋ።”

“የጠፋው እኮ በሽታው ነው!”

“የድሮውን ኩሽኔታ መልሽው።”

“አልመልስም። ፓምፑን ይገድለዋል።”

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ ሁልጊዜ ክራቫቱን የሚያስተካክል አስታራቂ ሰው፣ እጁን አወጣ። “ግማሽ በግማሽ ቢሆንስ? ባንድ ወገን አዲሱ፣ ባንድ ወገን አሮጌው። ሁለቱንም ወገን ያስደስታል።”

ባለሙያዋ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። “ይህን ያህል ከወደዳችሁት ድምፁን ቅዱትና በድምፅ ማጉያ ልቀቁት! እኔን ልቀቁኝ!”

ቀልዷን ነበር። ይሁን እንጂ ስብሰባ ላይ የተነገረ ቀልድ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር የባለሙያ ምክረ ሐሳብ ይሆናል። “ይመዝገብ!” አሉ አቶ በመሠረቱ፤ ርክክቡንም በደስታ ፈረሙላት። ባለሙያዋ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ አየቻቸውና የዘረገፈችውን መሣሪያ ወደ ሳጥኗ ሰበሰበች። መኪናዋም እንደታደሰው ፓምፕ ያለ ድምፅ ከግቢው ወጣች።

የድሮው ጩኸት የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ወቅት አቶ በመሠረቱ ፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ ንግግር አድርገው፣ ንግግሩ በጩኸቱ ተውጦ ሳይሰማ ቀርቶ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ያን ቅጂ በክብር አስቀምጦት ኖሯል። እየተደጋገመ እንዲጫወት ተደርጎ፣ ትልቅ ማጉያ በፓምፑ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ተለቀቀ። “ግርርር—ጓ! ግርርር—ጓ!” ጆሮውን ያቀና ሰው በመሐሉ “በመሠረቱ” የምትል ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

ከተማው እፎይ አለ። ሕፃናት ተኙ። ዳቦ ጋጋሪው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከንቲባው ራሳቸው መጥተው ሪባን ቆረጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የድምፅ ፕሮጀክት መመረቁንም አበሠሩ። ንግግራቸው በጩኸቱ ምክንያት አንድም ቃል ስላልተሰማ በዓመቱ ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ የላቀ አድናቆት አተረፈ። ኦፕሬተሩም አደገ፤ የፓምፕ ኦፕሬተር የነበረው የድምፅ ኦፕሬተር ሆነ። ወንበሩ ከፓምፑ ክፍል ወጥቶ የማጉያው ማጫወቻ ወዳለበት ክፍል ገባ፣ የአቧራ መጥረጊያ ጨርቅም ተፈቀደለት። ፓምፑን የሚጠብቀው ሰው አልተመደበም፤ ዝም ያለን ነገር ምኑን ይጠብቁታል?

አንድ ረቡዕ ግን ከፓምፑ ቤት ፊውዞች አንዱ ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ሞተር የሚሠራው በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ አንዱ ሲቋረጥበት እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ይቆማል። ድምፅ ማጉያው ግን አንድ መስመር ከበቂ በላይ የሚሆንለት፣ በጥቂት የሚያድር ፍጡር ስለሆነ፣ ከቀሩት በአንዱ ላይ ጩኸቱን ቀጠለ።

ማጠራቀሚያው ተንጠፈጠፈ፣ ቧንቧዎችም ደረቁ። አንድም ሰው ወደ ውሃ አገልግሎቱ አልደወለም። ፓምፑ እየጮኸ ማን ይደውላል? ሁሉም የገዛ ቧንቧውን ጠረጠረ። ቧንቧ ሠራተኞች ከቤት ቤት ሲሮጡ ጫማቸው አለቀ። ዳቦ ጋጋሪው መክፈቻውን አስቀየረ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አስፈረሰ፣ ቀጥሎ ከጎረቤቱ ጋር “ውሃዬን ጠልፈህ ነው” ብሎ ተናነቀ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ለአቶ በመሠረቱ ሐሙስ ዕለት የምሥራች ይዞላቸው ገባ፤ ቅሬታ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ የደንበኞች እርካታ ጣሪያ ነክቷል።

አቶ በመሠረቱ በዚህ ደስታ ቤታቸው ሲገቡ ሚስታቸው ሳሎን ቆማ ጠበቀቻቸው። ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም።

“ውሃ የለም።”

“አለ እንጂ። አይሰማሽም?”

“የሚሰማኝ ያንተ ድምፅ ነው።”

“በመሠረቱ እሱ ራሱ ማረጋገጫ ነው።”

“ስማኝ፤” አለች ጋውኗን እያሳየቻቸው። እጅጌው ላይ ደም ደርቋል። “ዛሬ ሁለት እናቶች ወልደዋል። እጄን የታጠብኩት ከሱቅ በተገዛ ውሃ ነው። አንሶላው አልታጠበም። አንዷ ‘ልጄን አጥቡልኝ’ ስትለኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩላት። ነገ የሱቁም ያልቃል። ከነገ ወዲያ የምትወልደዋን በምን እንደምቀበላት ንገረኝ፤ በጩኸት?”

አማታቸው ባዶ ባልዲ ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። “ተይው ልጄ፣ ባልሽን አታስጨንቂው። ከተማው ሠልጥኗል። እኛ ድሮ ውሃ ነበር የምንቀዳው፤ እነሱ ድምፅ ይቀዳሉ።” ባልዲውን መስኮቱ ሥር አስቀመጡ። “እኔም ደግኜለታለሁ። ብቻ አንተ ልጄ፣ ወጥ ልሠራ ነውና ትንሽ ጮክ አድርግልኝ።”

“እማማ፣ እባክዎ…”

“ምን አልኩ? ጮክ አድርግ ነው ያልኩት።”

አቶ በመሠረቱ ራታቸውን አልበሉም፤ ለነገሩ ራትም አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ቤት ሄዱ። ኦፕሬተሩ ጨርቁን እንደያዘ ተነሳ።

“ድምፁ ደህና አድሯል ጌታዬ።”

“ፓምፑስ?”

“የትኛው?”

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ከጣሪያው ጩኸት በታች ፓምፑ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከሞተሩ እስከ ግድግዳው ሸረሪት ድሯን አድርታለች። እጃቸውን ሆዱ ላይ ቢያደርጉት በረዶ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሲመሩት የኖሩትን ፓምፕ በእጃቸው ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነበር። የሚስታቸው እጅጌ ትዝ አላቸውና ስልካቸውን አወጡ።

ለከንቲባው ደወሉ። “ክቡር ከንቲባ፣ ፓምፑ ቆሟል።”

“የት ሆነህ ነው?”

“ፓምፑ ቤት።”

“እየሰማሁት እኮ ነው! ትቀልዳለህ?” ስልኩ ተዘጋ።

ለወርክሾፑ ደወሉ። የጥሪ ተቀባይዋ ድምፅ ማር ነው። “ስንት ቅሬታ ቀርቧል?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ብልሽት የለም፤ ያለ ቅሬታ ባለሙያ አንልክም። እንኳን ደስ አለዎት።”

አቶ በመሠረቱ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ማጉያው ክፍል ተመለሱ። ኦፕሬተሩ ማጫወቻውን እየወለወለ ነበር። ገሸሽ አደረጉትና ማጥፊያውን ተጫኑት።

ፀጥታው ከተማው ላይ ወደቀ። ውሻ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው “ምን ሆነ?” ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሁሉም። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታ ውሃ ያላየው ሕዝብ በአንድ አፍ “ውሃ ጠፋ!” ብሎ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው የጎረቤቱን አንገት ለቆ ስልክ አነሳ። ለውሃ አገልግሎቱ፣ ለከንቲባው፣ ለወርክሾፑ ተደወለ፤ ቅሬታው ጎረፈ። ከውሃ በስተቀር ሁሉም ጎረፈ።

ባለሙያዋ በቀትር ከች አለች። የማብሪያውን ሳጥን ከፍታ አንድ ፊውዝ አወጣች፣ ሌላ አስገባች። “ይቺ ናት” አለች የተቃጠለችውን መዳፏ ላይ አድርጋ። ፓምፑ “እምም” አለ። አቶ በመሠረቱ ጆሯቸውን አላቀኑም፤ ቧንቧውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከሥሩ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ፣ ሕይወት ያለው። “አመሰግናለሁ” አሏት። “በመሠረቱ” ሳይሉ ነው ያሉት፤ ባለሙያዋ የታመሙ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የጤና ጣቢያው ቧንቧ ውሃ ይረጭ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ከንቲባው ራሳቸው መሩት።

“ፓምፑ የቆመው መቼ ነው?”

“ረቡዕ፣ ክቡር ከንቲባ።”

“ረቡዕ ቅሬታ መጣ?”

“አልመጣም።”

“ሐሙስስ?”

“አልመጣም።”

“ዓርብ ጠዋት ምን አደረግህ?”

“ማጉያውን አጠፋሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ… ሕዝቡ ውሃ ጠፋ ብሎ ወጣ።”

ከንቲባው ወደ ታዳሚው ዞሩ። “ሰማችሁ? በአፉ ተናገረ። ሕዝቡ በሰላም ሲኖር፣ ይህ ሰው በገዛ እጁ ውሃውን አጠፋበት።”

“ነገር ግን ክቡር ከንቲባ፣ ባላጠፋው ኖሮ ዛሬ ውሃ አይመጣም ነበር። አሁን እኮ መጥቷል!”

“መጣ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ውሃ ሲመጣ የሰማ አለ?”

ታዳሚው ጆሮውን አቀና። የሰማ አልነበረም።

አቶ በመሠረቱ የሕዝብን አገልግሎት ሆን ብለው በማቋረጣቸው ከኃላፊነታቸው ተነሱ፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም በቦታቸው ተተኩ። ትረካችን ለሥልጣን ያለው አክብሮት የታወቀ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የቀድሞውን “እሱ”፣ ክራቫታቸውን የሚያስተካክሉትን ደግሞ “እሳቸው” እንላለን። እሳቸው የመጀመሪያ መመሪያቸውን ሲሰጡ እሱ ወንበሩን ለመልቀቅ ዕቃውን ይሰበስብ ነበር። መመሪያው አጭር ነበር፤ ማጉያው ሁለት ይሁን።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ሳትጠርግ መጥታ አቀፈችው፤ ጀርባው በሳሙና ውሃ ራሰ።

“ሰምቻለሁ። ዛሬ የወለደችውን በሙቅ ውሃ አጠብንላት” አለችው። “ሌላው ይቅር።”

አማቱ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ብርጭቆ ሞልተው አቀበሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሙጥ አልነበራቸውም። “ጠጣ ልጄ። ያንተ ነው።”

ብርጭቆውን ተቀበለ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ከተከፈተው ቧንቧ አሁንም ይወርዳል። ወደ አፉ አስጠጋው፣ መለሰው። ወደ መስኮቱ አየ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ምነው?” አለችው ሚስቱ።

“እንጃ። ደስ አላለኝም።”

“ምኑ?”

“ዝም ብሎ ይወርዳል።”

ሚስትና አማት ተያዩ። ይህን ጊዜ ከከተማው ዳር ሁለቱ ማጉያዎች ባንድ ጊዜ ተለቀቁ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃም ክብ ክብ ሠራ። ከሥራ የተባረረው ሰው ፊቱ በራ።

“መጣ!” አለና ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ።